የማርቆስ አንበሳና የእማዬ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል ከእማዬ ጋር ስላደረግነው የቬኒስ ጉዞ ሳወራችሁ ሆን ብዬ የዘለልኩት ነገር ነበር፤ ዛሬ ስለ እሱ ብቻ እናገራለሁ። የዘለልኩት ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ነው፤ አሁንም በቅጡ ያወቅሁ አይመስለኝም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በባሕሩ ዳር ባለችው ትንሿ አደባባይ ከቆሙት ሁለት የግራናይት ዓምዶች በአንደኛው ጫፍ ላይ ክንፍ ያለው የነሐስ አንበሳ አለ። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ቀና ብላ አየችውና፣ እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ አማተበች። «ማርቆስ ነው» አለች። የቬኒስ ሪፐብሊክ ይህን ፍጥረት አርማው አድርጎ በባንዲራው፣ በሳንቲሙና በገዛቸው ከተሞች በሮች ላይ ለዘመናት እንዳኖረው የነገራት ሰው የለም። ኅዳር 8 አርባዕቱ እንስሳን ስታከብር የኖረች ሴት በመሆኗ ግን ገጸ ሰብእ ለማቴዎስ፣ ገጸ አንበሳ ለማርቆስ፣ ገጸ ላሕም ለሉቃስ፣ ገጸ ንስር ለዮሐንስ እንደሚሰጥ ታውቃለች። ከዚያም እንደምታውቋት መቁጠር ጀመረች። «ክንፉ ሁለት ብቻ ነው፤ አራቱ የት ሄዱ?» አለችኝ። በራእየ ዮሐንስ እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ክንፍ እንዳላቸው ተጽፏልና ልክ ነበረች።

በአርማ ሥዕል ውስጥ የተዳቀሉ ፍጥረታት ብዙ ናቸው፤ ግማሹ ንስር ግማሹ አንበሳ የሆነው ግሪፊን አለ፣ ሰይፍና ጋሻ የያዘችው የዋርሶ ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣም አለች። የቬኒሱ ግን ከተረት ሳይሆን ከራእይ የተወለደ ስለሆነ ለእኔ ከሁሉም ይለይብኛል። ግዛቱ በየብስም በባሕርም እንደሆነ ለማሳየት የፊት እግሮቹን መሬት ላይ፣ የኋላዎቹን ውኃ ላይ አድርገው ይሥሉታል። ፊት ለፊት ከውኃ ብቅ ሲል የሚታይበትን አሣሣል ደግሞ፣ ክንፎቹ የሸርጣን እጆች ስለሚመስሉ፣ የአገሩ ሰዎች በሸርጣን ስም ይጠሩታል። ዛሬም በጣሊያን የንግድ መርከቦች ባንዲራ ላይ የተከፈተ ወንጌል ይይዛል፣ በባሕር ኃይሉ ባንዲራ ላይ ግን ሰይፍ ይይዛል። ወንጌላዊውን ሰይፍ ማስያዝ እንዴት እንደተቻለ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ፣ ግን ወደ ነገሬ ልመለስ።

እማዬ «ማርቆስ የእስክንድርያ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን አመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ 1959 ድረስ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃነ ጳጳሳት ከመንበረ ማርቆስ ተሾመው ይመጡ እንደነበር ለምታውቅ ሴት ይህ የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም። እኔም ትረካውን እንደሚተረክበት አድርጌ ነገርኳት፦ በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች ዐፅሙን ከእስክንድርያ አወጡት፣ የሙስሊም ፈታሾች እንዳይነኩትም በእሪያ ሥጋ ሸፈኑት፤ ታሪኩም በቬኒስ በስሙ በተሠራው ባዚሊካ ፊት በሞዛይክ ተሥሏል። አብዛኛው ሰው ይህን የሚያወራው በነጋዴዎቹ ብልጠት እየተደነቀ ነው፤ እኔም በዚያው ድምፅ ነበር ያወራሁት።

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀችው። «በእሪያ ሥጋ? ቅዱሱን?» አለች። ከዚያ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ሰርቀው ያመጡትን ነው እንግዲህ አርማቸው ያደረጉት?» አለችኝ። «እነሱ አዳንነው ነው የሚሉት» ብዬ ቶሎ መለስኩ። እሷ ግን «የእኛንም አንበሳ ወስደውት ነበር እኮ» አለች፤ በወረራው ጊዜ ከለገሃር ተነቅሎ ሮም ስለተወሰደው፣ ዘርአይ ደረስ ስለተንበረከከለት የይሁዳ አንበሳ ማለቷ ነበር። እኔም እንደ አስተማሪ ቆሜ የቬኒስ ነጋዴዎችና ፋሺስቶች በ1100 ዓመት ያህል እንደሚራራቁ አብራራሁላት። ቁጥሩ ልክ ነበር። እሷ ግን ስለ ቁጥር አልጠየቀችኝም፤ ይህን የተረዳሁት ወደ ማረፊያችን በጀልባ ስንመለስ፣ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ሳያት ነው። መልሴን ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ አስተካክዬ በልቤ እንደተናገርኩት አልነግራችሁም።

ልነግራት የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። በ1968 የዐፅሙ ከፊል ወደ ግብፅ ተመልሷል፤ በካይሮ በስሙ የተሠራው ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቦታው ተገኝተው ነበር። ያ ምናልባት ያጽናናት ነበር፤ ወይም «ከፊሉ ብቻ?» ትለኝ ነበር። ያ የነሐስ አንበሳም ራሱ ተወስዶ ያውቃል፤ በ1797 ናፖሊዮን ሪፐብሊኩን ሲያፈርስ ወደ ፓሪስ ወሰደው፣ ተሰባብሮና ተጠግኖ ወደ ዓምዱ የተመለሰው በ1816 ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ከተመለስን በኋላ ያነበብኩት ነው። በ2024 የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በነሐሱ ውስጥ ያለውን እርሳስ መርምረው መዳቡ ከቻይናው ያንግትዜ ወንዝ አካባቢ የወጣ መሆኑን ገለጹ። በእነሱ ግምት ፍጥረቱ መጀመሪያ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን መቃብር እንዲጠብቅ የተሠራ፣ ቀንድ የነበረው ሌላ ድብልቅ አውሬ ነው፤ ቬኒስ ቀንዱን አንሥታ አንበሳ አደረገችው ማለት ነው። ግምታቸው ልክ ከሆነ እማዬ ያማተበችው በማን ፊት ነው? ለማርቆስ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ያየችው ነሐሱን ሳይሆን እሱን ነበር። ግን እርግጠኛ ሆኜ አይደለም የምናገረው፤ ማታ ማታ ሐሳቤ ይለዋወጣል።

እስካሁን አልነገርኳትም። ትናንት ስትደውልልኝ ለሚያዝያ 30፣ ለማርቆስ በዓል፣ የአንበሳውን ፎቶ አሳጥቤ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ሳሎን ልትሰቅለው ነው። እሺ አልኳት። ፎቶውን አውጥቼ አየሁት፣ ክንፎቹን ቆጠርኩ፣ ከዚያ…