ጨረሩን ስፈራ ኩኩ ያዘኝ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ባለፈው ሳምንት የጠፋሁት ግራ ጆሮዬ ተደፍኖ ስለነበር ነው። እንስራ ውስጥ ሆኜ የማወራ እየመሰለኝ ድምፄን መቅዳት አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው በማሳከክ ነው። ገመድ አልባ ማዳመጫዬን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ እሰካዋለሁ፤ የማወጣው ስተኛ ነው። ሲያሳክከኝ በጥጥ ዘንግ እጎረጉርና መልሼ እሰካለሁ። ጆሮዬ ሲደፈን ትዝ ያለኝ የእናቴ ቃል ነበር፦ «አውጣው ልጄ፣ ጨረሩ አንጎልህን ይጨርሰዋል!» ስትለኝ እስቅ ነበር። ያን ሌሊት ግን አልሳቅኩም።

የአንገት በላይ ሐኪሟ መብራታቸውን አብርተው አዩና «በጥጥ ይጠርጋሉ?» አሉኝ። አልካድኩም። ለብ ያለ ውኃ ረጩበት፤ ሳህኑ ላይ አተር የሚያክል ጥቁር ነገር ወደቀ። ወዲያው የሸሚዜ ኮሌታ አንገቴን ሲፈትግ ሰማሁ። ኮሌታ ድምፅ እንዳለው ረስቼ ኖሯል።

ለካ ኩክ ቆሻሻ አይደለም። አቧራ ይይዛል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ወደ ውጪ ይወጣል። እኔ በሩን በጎማ ዘጋሁበት፤ በጥጥ ደግሞ ወደ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። በዚያ ላይ ተዘግቶ የዋለ ጆሮ ይሞቃል፣ ያልበዋል፤ ባክቴሪያና ፈንገስ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ጨረሩስ? ማዳመጫው ከስልኩ ጋር የሚገናኝበት የሬዲዮ ሞገድ፣ ብሉቱዝ፣ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ አካባቢ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም እንዲሁ። ፍርሃቱ ከዚህ ቢመጣ አይገርምም። ግን ምድጃው በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ሲጠቀም ማዳመጫው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ነው። ጆሯችን ላይ የምንለጥፈው ስልክ ከእርሱ እጅግ የበለጠ ኃይል ሊያወጣ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያስከትል ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ምድቡ ማስረጃው ውስን የሆነን ነገር ይይዛል፤ በእስያ ባህል የሚዘጋጅ የአትክልት አቻርም እዚያው አለ። እኔ በዚህ እንቅልፍ አላጣም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፤ የድምፁ ከፍታ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥን ይፈቅዳል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ነው። አሁን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ አስቡኝ። ረዳቱ ይጣራል፣ ሬዲዮው ያንባርቃል፣ ሞተሩ ያጓራል፤ እኔ ያን ሁሉ ለመሸፈን ድምፁን ከፍ፣ አሁንም ከፍ። ስወርድ ዝቅ ማድረጉን እረሳለሁ። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ኩክስ ይታጠባል።

አሁን ሚኒባስ ውስጥ ምንም አልሰካም፤ የረዳቱን ጨዋታ እሰማለሁ፣ አንዳንዱ ከፖድካስት ይበልጣል። ቤት ውስጥም ድምፁን ቀንሼ፣ በየሰዓቱ አውጥቼ ጆሮዬን አናፍሳለሁ። የጥጥ ዘንጉን ጥዬዋለሁ።

እሑድ ለእናቴ የሐኪሟን ቃል አንድ በአንድ ነገርኳት። ቡናዋን እየቀዳች አዳመጠችኝና፣

«ታዲያ ኩኩን ማን ያደረቀው ይመስልሃል?» አለችኝ። «ጨረሩ ነዋ!»