የቆየ ተሰብሳቢ

የተከበራችሁ የፋይናንስ ባለሙያዎች፣ የውስጥ ኦዲተሮች፣ የበጀት ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም የኮሜርስ ተማሪዎች፤ እዚህ ሰንጋ ተራ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ግንቦት እያለቀ ነው። ሁላችሁም ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁት የመጣችሁት ሥራ እንዳለ አውቃለሁ። ሰኔ 30 ሲደርስ በጀት ዓመቱ ይዘጋል። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ አንስቼ እወርዳለሁ። ስለ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ገና በደረሰኝ ስላልተወራረደ ወይም ስላልተመለሰ ገንዘብ።

ሂሳብ ክፍል በነበርኩበት ዘመን አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ እንላቸው ነበር። ጡረታ ወጥተው ክሊራንስ ሊጨርሱ መጡ። መዝገቡን ስናይ በስማቸው የቆየ ገንዘብ ተገኘ። ለመስክ ሥራ ዕቃ እንዲገዙ የወሰዱት ቅድሚያ ክፍያ ነው። እሳቸው ገዝቻለሁ፣ ደረሰኙንም አስረክቤያለሁ አሉ። የተረከባቸው ልጅ ግን ሥራ ለቋል። ዕቃው ገቢ የሆነበት ቅጽ፣ ሞዴል 19ም፣ ፋይሉ ውስጥ የለም።

ፋይሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ደረሰኝ ከሌለ አልፈርምም አልኳቸው። አሠራሩ የሚለው እሱን ነዋ! ለወራት ተመላለሱ። አቀርቅረው ከበሩ ሲመለሱ ዛሬም ይታየኛል። በኋላ ደረሰኞቹ ተገኙ። የሌላ ዓመት ሰነድ በታሸገበት ካርቶን ውስጥ፣ ከሞዴል 19 ጋር በስቴፕለር ተያይዘው።

ተጠያቂነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሌባ መያዝን ነው። እኔ ትዝ የሚሉኝ ጋሼ ናቸው። በጊዜው ያልተወራረደ ሂሳብ የበላውንና ያልበላውን አንድ ያደርጋቸዋል። የበላው ይደበቅበታል፤ ያልበላው ይታነቅበታል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። ሪፖርቱ አራት ኪሎ ሲቀርብ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ በተደጋጋሚ ይነሳል። ቋሚ ኮሚቴውም ኃላፊዎችን ጠርቶ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሂሳቡ የቆየ ነው፣ ሰነዱ አልተገኘም የሚል መልስ እንሰማለን። ኃላፊው ማይክሮፎን ፊት ሲጨነቅ በቴሌቪዥን እናያለን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ያ መልስ የተዘጋጀው ከዓመታት በፊት፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ቀን ‹‹ነገ አያይዘዋለሁ›› ብለን ያስቀመጥነው ወረቀት ነው።

የመንግሥት ሂሳብ የሚያዝባቸው የኮምፒውተር ሲስተሞች፣ አይቤክስም ሆነ ኢፍሚስ፣ ከዚህ አያድኑንም። ሲስተም ያስገባንለትን ይይዛል። ያላስገባነውን ደረሰኝ ከየት ያመጣል?

የሰኔ ግዢንም ሳላነሳ አላልፍም። በጀት እንዳይመለስ ተብሎ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በጥድፊያ የሚወጣ ቅድሚያ ክፍያ፣ በእኔ ልምድ፣ ለማወራረድ ከሁሉም ይከብዳል። ዘንድሮ ጥያቄው ሲመጣላችሁ፣ ያለፈውን ሳያወራርድ ሌላ የሚጠይቅ ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እንቢ በሉ። የውስጥ ኦዲተሮች፣ እንቢ ያለውን ባለሙያ ብቻውን አትተዉት። ከጎኑ ቁሙ።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። በየወሩ የተሰብሳቢውን ዝርዝር በስም፣ በገንዘብ መጠንና በቆየበት ጊዜ አውጡ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አይቶ ይፈርምበት። አንድ ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሲለቅ፣ ርክክቡ ቁልፍ መስጠት ብቻ አይሁን። ሰነዱ ተቆጥሮ ይረከብ። ተማሪዎች፣ እናንተም ሥራ በጀመራችሁ ማግስት ይህን ጠይቁ። አዲስ ናችሁ ብሎ የሚያሳፍራችሁ አይኑር።

ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ሌላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ዝርዝሩን ክፈቱ። ከሁሉ የቆየውን መስመር ፈልጉና ስሙን አንብቡ። ከዚያ ወደ ሰነድ ክፍል ውረዱና ካርቶኑን ፈልጉ። ሰውየው ካሉ ደግሞ ደውሉላቸው።

አመሰግናለሁ።