እምቦጩ ለምን ይመለሳል፦ ስለ ሲስተም ዳይናሚክስ ባህር ዳር ላይ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከፎገራና ከደምቢያ ድረስ ለመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ስራችሁን ትታችሁ ለመጣችሁ የቢሮ ሰዎች፣ ፈተና እያለባችሁ ለተገኛችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የሂሳብ ዘዴ ነው፣ ግን ጣና እዚ አጠገባችን እያለ ዘዴውን ለብቻው አላወራም።

ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው አደል? ሀይቁ ከሁሉም ከፍ የሚለውስ መቼ ነው? እዚ ዳር ያደገ ሰው መስከረም ላይ ነው ብሎ ይመልሳል። ዝናቡ እየቀነሰ ሀይቁ ይጨምራል ማለት ነው። ምክንያቱም ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ውሃ ቢቀንስም እንኳን በአባይና በበለስ በኩል ከሚወጣውና ከሚተነው እስከበለጠ ድረስ ሀይቁ መሙላቱን አያቆምም። የተጠራቀመውን ክምችት እንለዋለን፣ የሚገባና የሚወጣውን ፍሰት። ሲስተም ዳይናሚክስ የሚጀምረው ከዚ ነው፣ ከዛ ደሞ ክምችቱ ራሱ ተመልሶ ፍሰቱን እንዴት እንደሚቀይረውና በመሀል ምን ያህል ጊዜ እንደሚባክን ይጠይቃል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ይሄን ዘዴ ያወጣው ጄይ ፎረስተር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ዊርልዊንድ የሚባለውን የድሮ ኮምፒውተር የሰራውን ቡድን የመራ ኢንጂነር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ግን ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወዳለው የማኔጅመንት ትምህርት ቤት ገባ። በዛን ጊዜ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች፣ ማለትም ስራን በሂሳብ የማቀድ ሙያ፣ በደንብ ተደራጅቷል፣ የዴንማርኩ የሂሳብ ሰው ኤርላንግ ገና በ1909 ኮፐንሀገን ላይ የስልክ ጥሪን ወረፋ በሂሳብ አስቀምጦታል፣ አሜሪካዊው ዳንትዚግ በ1947 ያለውን ነገር እንዴት ብናከፋፍል ይሻላል የሚለውን የሚፈታ ሲምፕሌክስ የሚባል ስሌት አውጥቷል፣ በሁለተኛው የአለም ጦርነት የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች መርከብ እንዴት ታጅቦ ይሂድ የሚለውን ሳይቀር አስልተዋል። ፎረስተር ስራው ጥሩ ነው ግን ድርጅት ለምን ይነሳል ለምን ይወድቃል የሚለውን ትልቁን ጥያቄ አይነካም አለ። በዛን ጊዜ አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ የነበረው የጄኔራል ኤሌክትሪክ የቤት እቃ ፋብሪካ አንዳንዴ በሶስት ሺፍት ቀን ከሌት ይሰራል፣ ጥቂት አመት ቆይቶ ግማሹ ሰራተኛ ይሰናበታል፣ ሁሉም ሰው ጥፋቱን ገበያው ላይ ነው የሚያላክከው። ፎረስተር ሀላፊዎቹን ሰው የምትቀጥሩት ምን አይታችሁ ነው ብሎ ጠየቀና ደብተር ላይ አምድ አስምሮ ሳምንት በሳምንት አሰላው። የደንበኛ ትእዛዝ ምንም ሳይለዋወጥ እንኳን ቅጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ውጣ ውረዱን የፈጠረው የራሳቸው አወሳሰን ነበር።

አሁን የሀይቁን ፊት ወደሚያለብሰው አረም፣ ወደ እምቦጭ ልምጣ፣ እዚ ያመጣኝም እሱ ነው።

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዛ ወዲህ ህዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፣ ማሽን መጥቷል፣ ገንዘብ ተዋጥቷል፣ ይሄን ድካም ማንም አቅልሎ እንዲያየው አልፈልግም። ግን በየዘመቻው መጨረሻ የምንሰማው ሪፖርት ይሄን ያህል ሄክታር ተነቀለ የሚል ነው። ይሄ ፍሰት ነው፣ የወጣውን ነው የሚነግረን። የቀረው ስንት ነው፣ የቀረውስ በምን ፍጥነት ይበዛል የሚለው ካልተጨመረበት እያሸነፍን ይሁን እየተሸነፍን ከሪፖርቱ ማወቅ አይቻልም።

ወረቀት ያላችሁ አውጡና አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፣ የጣና ልኬት አደሉም። 1000 ሄክታር እምቦጭ አለ እንበል፣ በወር በግማሽ ያድጋል እንበል፣ እኛ ደሞ በወር 400 ሄክታር እንነቅላለን። አንድ ወር ሲሞላ 1500 ሆኖ 400 ሲነሳለት 1100። በሁለተኛው ወር 1250። በሶስተኛው 1475። 1200 ሄክታር ነቅለናል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ እምቦጩ ግን በግማሽ ሊጨምር ምንም አልቀረው። አሁን 400ውን 600 አድርጉት። 900፣ 750፣ 525፣ ከዛ 200 እንኳን አይሞላም። በ400ና በ600 መሀል ያለው ልዩነት ትንሽ ጠንክሮ የመስራት ጉዳይ አደለም፣ አንዱ ሽንፈት ነው አንዱ ድል ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያው 600 ሄክታር የሚነቅለው ሀይል ይኑር፣ ግን በጀት እስኪለቀቅ፣ ነዳጅ እስኪገኝ፣ ኮሚቴ እስኪቋቋም ምናምን ሲባል አንድ ወር ብቻ ይዘግይ። እምቦጩ 1500 ላይ ይጠብቀናል፣ በወሩ 1650 ይሆናል፣ በሁለተኛው ወር 1875። ሰዉ ያው ነው፣ ማሽኑ ያው ነው፣ አንድ ወር ነው ያሸነፈን።

እምቦጩ ሲበዛ ሁላችንም እንጮሀለን፣ ጩኸቱ ዘመቻ ይወልዳል፣ ዘመቻው እምቦጩን ይቀንሰዋል፣ ሲቀንስ ጩኸቱም ገንዘቡም አብሮ ይቀንሳል፣ ሰዉ ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ጭቃው ውስጥ ደሞ ለብዙ አመት ሳይሞት የሚቆይ ዘር አለ፣ ዳሩ ላይ ውሃው ሳሳ ሲልና ፀሀይ ሲያገኝ ይበቅላል፣ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ንጥረ ነገር ይቀልበዋል፣ እኛ እስክንሰማ ደርሶ ሀይቁን አልብሶታል። የኬንታኪው ፋብሪካ ነገር እዚም አለ። እምቦጩ ባህሪው ነው የሚያድገው፣ እየመጣ እየሄደ የሚያስቸግረን ግን በከፊል የእኛ ትኩረት ስለሚመጣና ስለሚሄድ ነው። እንደኔ ጠንካራ የሚባለው ዘመቻ እምቦጩ በአይን በማይታይበት ወር የሚቀጥለው ነው።

እዚ ላይ ተማሪዎች ስሙኝ፣ ሲስተም ዳይናሚክስ ሌላውን ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ይተካል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። ቅድም ያሰላነው ሞዴል 600 ያስፈልጋል ይለናል እንጂ 600 ከየት ይምጣ አይልም። እስቲ ማሽኑን ተከታተሉት። ውሃ ላይ ያጭዳል፣ ይሞላል፣ ወደ ዳር ይመጣል፣ ማራገፊያው ላይ ሌላ ማሽን ካለ ይቆማል፣ የሚያነሳው መኪና ካልደረሰም ይቆማል። ፋብሪካው በሰአት ይሄን ያህል ያጭዳል ያለውና እውነት በቀን የሚወጣው በጣም ሊራራቅ ይችላል። ይሄን የሚያሳየው የኤርላንግ የወረፋ ሂሳብና እያንዳንዱን ጉዞ አንድ በአንድ የሚከተለው የዲስክሪት ኢቨንት ሲሙሌሽን ነው። ምናልባት መፍትሄው ሌላ ማሽን መግዛት ሳይሆን ሁለተኛ ማራገፊያ መስራት ይሆናል፣ ዋጋቸው ደሞ አይገናኝም።

በዳንትዚግ ሲምፕሌክስ የሚፈታው ሊኒየር ፕሮግራሚንግም የራሱ ቦታ አለው። ያለንን ሰው፣ ጀልባና ነዳጅ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ መሀል እንዴት እናከፋፍል ለሚለው ከሱ የተሻለ አላውቅም። ግን የተባለውን ነው የሚሰራው። ዛሬ የሚነቀለውን ሄክታር አብዛልኝ ካላችሁት ሰዉን ሁሉ እምቦጩ ወደተነባበረበት ይልካል፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚቀረውን አሳንስልኝ ካላችሁት ግን ገና አራትና አምስት ተክል ወደታየበት ዳር ሊልክ ይችላል። ምን እንደሚባል የሚወስነው የእድገቱን ነገር የያዘው ሞዴል ነው፣ ስለዚ አንዱ ለሌላው ቁጥር እየሰጠ አብረው ነው መሄድ ያለባቸው። አባይ ከሀይቁ በሚወጣበት ላይ ያለውን የጨራጨራን በርና ከጣና ውሃ ወስዶ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የበለስ የመብራት ጣቢያን ውሃ ማመጣጠንም እንደዚው ነው፣ የሀይቁ ከፍታ ሲወርድ የሚገለጠው ጭቃ ለእምቦጭ ዘር ምቹ ስለሆነ የመብራቱን ሂሳብ ከአረሙ ሂሳብ ነጥሎ መስራት አያዋጣም።

ከሁሉም በፊት ግን ችግሩ ምንድነው የሚለው ላይ መስማማት አለብን። ለአሳ አስጋሪው ችግሩ መረቡ ነው፣ ለገበሬው የከብቱ ግጦሽ ነው፣ ለከተማው ሰው ቱሪስቱ ነው። እንግሊዝ ላንካስተር ላይ ፒተር ቼክላንድ ያዳበረው የሶፍት ሲስተምስ ዘዴ የሚሰራው ይሄን ነው፣ ሂሳብ ከመጀመሩ በፊት ሰዎቹን አስቀምጦ እያንዳንዱ ነገሩን በምን አይን እንደሚያየው መስማት። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ንፋሱ እምቦጩን በየትኛው ወር ወደየት እንደሚገፋው ያውቃል፣ ይሄን የማያውቅ ሞዴል ኮምፒውተር ላይ ቢያምርም ጣና ላይ አይሰራም።

ከሻይ በኋላ በየጠረጴዛው ከገበሬም ከአሳ አስጋሪም ከቢሮም ተሰባጥራችሁ ተቀመጡ። ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው፣ እምቦጭ ታየ ከተባለበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያው ሰው ውሃ ውስጥ እስኪገባ ስንት ቀን ይወስዳል፣ ከነምክንያቱ፣ የትኛው ደብዳቤ የት ጋ እንደሚቆም ጭምር ሳትፈሩ ጻፉት። ሁለተኛው፣ ዘመቻው ካለቀ በኋላ ያንን ዳር ተመልሶ የሚያይ ሰው አለ ወይ፣ ካለ በስንት ጊዜው ነው የሚያየው። እነዚን ሁለቱን ዛሬ ካገኘን ሞዴሉን ክረምት ሳይገባ እናደርሰዋለን።