ማምሸት እወዳለሁ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሴ ራይድ ነው። አንዱን ድርጅት ብቻ ማለቴ አይደለም። ፈረስም ይሁን ዛይራይድ፣ በስልክ ተጠርቶ በር ድረስ የሚመጣውን መኪና ሁሉ አዲስ አበባ «ራይድ» ብላ ጠቅልላዋለች፤ እኔም እንደ ከተማዬ ነው የምጠራው።

ብዙ ሰው ራይድን የሚያመሰግነው ለምቾቱ ነው። ሰልፍ የለም፣ ግፊያ የለም፣ ዝናብ አይመታችሁም። እውነት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር እሱ አይደለም። ለእኔ ራይድ የሰጠኝ ማምሸትን ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ብትሆንም፣ ምሽቷን ያወቅኳት ዘግይቼ ነው።

ድሮ ማምሸት ምን ይመስል እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጨለም ሲል ሚኒባሱ እየሳሳ ይሄዳል። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ «አያት፣ አያት» የሚለው የረዳቶቹ ድምፅ ይጠፋል። ያኔ የሚቀረው ሰማያዊው ላዳ ነው፣ በኮንትራት። ዋጋው በድርድር ነው። ድርድሩ ደግሞ እኩል አይደለም። ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል፣ ጫማሽን ያያል፣ ሰማዩን ያያል። ሴት ከሆንሽና ብቻሽን ከቆምሽ፣ ሌላ አማራጭ እንደሌለሽ ያውቃል። «አይ እህቴ፣ በዚህ ሰዓት በዚህ ዋጋ የሚወስድሽ የለም» ይልሻል። የላዳ ሾፌሮችን በጅምላ መውቀሴ አይደለም። በር ከፍተሽ እስክትገቢ መብራቱን አብርቶ የሚጠብቅ ደግ ሰው ከእነሱ መካከል ብዙ ነበር፣ ዛሬም አለ። ነገር ግን ሁሉም በሰውየው ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አንዲት ሴት ቤቷ በሰላም መግባቷ የዕድል ጉዳይ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ምን እናደርግ ነበር? ጨዋታውን ከመሃል እንቆርጣለን። ቴአትር ሳያልቅ ተነስተን እንወጣለን። ልደት ላይ ኬኩ ሳይቆረስ ቦርሳችንን እናነሳለን። ወግ ሲደራ ዓይናችን ሰዓት ላይ ነው። ወንድም ያላት ወንድሟን ትጠራለች፣ እሱ ካልተመቸው ቤቷ ትቀራለች። የዚህች ከተማ ሴቶች ስንት የቴአትር መጨረሻ፣ ስንት ዘፈን፣ ስንት ጥሩ ወሬ አምልጧቸዋል!

ለዚህ ነው የሳምራዊት ፍቅሩ ታሪክ ደስ የሚለኝ። ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለውን የሶፍትዌር ድርጅት የመሠረተችው፣ ራይድ የሚባለውን አገልግሎት ራሱን የጀመረችው እሷ ናት። አሰላ ያደገች ልጅ ናት፣ እስከ 17 ዓመቷ ድረስ ኮምፒውተር ተጠቅማ አታውቅም ነበር። ፕሮግራመር ሆና ስትሠራ ከቢሮ አምሽታ ትወጣለች፣ ታክሲ ማግኘት ትቸገራለች፣ ሲገኝም ዋጋ ይቆለልባታል። ሐሳቡ ከዚያ መጣ። እስቲ አስቡት። ኡበር እዚህ የለም። ለከተማችን መልስ ያመጣችው እዚሁ መንገድ ዳር ቆማ ታክሲ ስትጠብቅ የነበረች ሴት ናት። ችግሩን የምታውቀው ከጥናት ሳይሆን ከኑሮዋ ነው።

ከኑሮ በመነሳቱም ይመስለኛል አንድ ነገር ያልተረሳው፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው። 8294 ደውላችሁ የት እንዳላችሁ ትናገራላችሁ፣ መኪና ይመጣል። እናቴ ስማርት ስልክ አትወድም፤ ጣቷ ይስታል፣ ዓይኗ ይደክማል። ያቺን አጭር ቁጥር ግን በቃሏ ይዛታለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራት፣ ለቅሶ ሲገጥማት ማንንም ሳትለምን ትደውላለች። ሾፌሩ «እማማ፣ ደርሻለሁ፣ ቀስ ብለው ይምጡ» ይላታል። እሷም ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል «ልጄ፣ አግብተሃል?» ብላ ትጀምራለች። ከዚህ በፊት ከቤት ለመውጣት የእኔን ወይ የእህቴን ጊዜ ትጠብቅ ነበር። አሁን ስደውልላት ውጪ ናት። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ እንደ ልቧ መውጣት መግባቷ ያኮራኛል።

አድራሻ ላይ ደግሞ ልዩ ነን። በሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በሕንፃ፣ አንዳንዴ ከፈረሰ ዓመታት ባለፉት ነገር ነው አቅጣጫ የምንናገረው። ካርታው ላይ ቦታዬን ነክቼ ልኬ እንኳ ስልኬ ይጮኻል። «ሄሎ፣ ከራይድ ነው፣ የት ጋር ነሽ?» «ሃያ ሁለት፣ ጎላጉል አለፍ ብሎ።» «ከጎላጉል ወደ መገናኛ ነው ወይስ ወደ ኡራኤል?» አንዳንድ ሰው ይህ ያናድደዋል፣ ካርታው ለምን ተሠራ ይላል። እኔ አያናድደኝም። ከማላውቀው ሰው መኪና ከመግባቴ በፊት ድምፁን መስማቴ ጥሩ ነው። ጨዋነቱ ይታወቀኛል። እሱም የእኔን ይሰማል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ከተማዋን የምጎበኝበት የራሴ ዘዴ አለኝ። ስሄድ በእግሬ ወይም በሚኒባስ፣ ስመለስ በራይድ። አመሻሹ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ መሄድ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት አለ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። አሮጌዋን ፒያሳ ለምታውቁ ልብ የሚነካ ነገርም አለበት፤ ብዙ ነገር ፈርሷል፣ ያደግንባቸው ደጆች የሉም። እዚያው የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ሁለቱን ስሜት አንድ ላይ ይዤ ነው የምሄደው፣ አንዱን ለአንዱ ስል አልተውም። ከዚያ ቡና እጠጣለሁ። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር፣ የሚታይ ካለ። ከዚያ መኪና እጠራለሁ።

እንጦጦም እንደዚያው ነው። ሽሮ ሜዳ ድረስ በሚኒባስ፣ የሀበሻ ልብስ ሱቆቹን እያየሁ። ከዚያ ወደ ላይ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይገባል። ፓርኩ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ሰው ይበዛል፣ መውረጃ ሰዓት ላይ ግን ሁሉም እኩል ነው የሚጣደፈው። እዚያ ስትሄዱ ምክሬ አንድ ነው። መኪና የምትጠሩት ብርዱ ካንቀጠቀጣችሁ በኋላ አይሁን፣ ቀደም ብላችሁ ጥሩ። ክረምት ላይ ደግሞ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ዝናብ ከጀመረ አትጥሩ። ዋጋውም ይጨምራል፣ መኪናውም አይገኝም። ካፌ ግቡና ሻይ ጠጡ፣ መንገዱ ሲከፈት ትሄዳላችሁ።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ርቀት ነው። አዲስ አበባ ተዘርግታለች። ድሮ አንድ ግቢ የነበርን ጓደኛሞች ዛሬ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ ኮየ ፈጬ፣ አንዷ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ናት። ካዛንቺስ ሲፈርስ ገላን ጉራ የገቡ ወዳጆች አሉኝ። ቡና ጠጡ ተባብለን በአጥር የምንጠራራበት ጊዜ አልፏል። አራስ ለመጠየቅ የግማሽ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል። እኛ ሴቶቹ የፈጠርነው መላ አንድ መኪና ጠርተን ሒሳቡን መካፈል ነው። ከአንዷ ቤት እንነሳለን፣ በየመንገዱ እንለቃቀማለን፣ ስንመለስም በየተራ እንወርዳለን። መጨረሻ የምትወርደው ቤት ስትገባ በቴሌግራም «ገባሁ» ትላለች። «ገባሁ» ሳይባል ማናችንም አንተኛም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳንዴ ከጥየቃው ይልቅ የመኪና ውስጡ ወሬ ይበልጣል።

ስለ ሾፌሮቹ ሳላወራ ብወርድ ደስ አይለኝም። ዲግሪ ይዘው የሚነዱ አጋጥመውኛል። ቀን ቢሮ ውለው ማታ የሚነዱ አሉ። መኪናው የራሱ ያልሆነ ብዙ ነው፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ለድርጅቱ ኮሚሽን ይቆረጣል፣ ነዳጅ በየጊዜው ይጨምራል። አሁን አሁን የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ብዙ ናቸው፣ በተለይ መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከከለከለ በኋላ። እነሱ ደግሞ ቻርጅ ማድረጊያ ያሳስባቸዋል። ዓይናቸው ከመንገዱ ወደ ባትሪው፣ ከባትሪው ወደ መንገዱ ነው።

ስለ ሴት ተሳፋሪ ፍርሃት ብዙ ተወርቷል፣ እኔም አውርቻለሁ። የሾፌሩ ፍርሃት ግን ብዙ አይወራም። በሌሊት ወደ ዳር ሰፈር ተጠርተው የተዘረፉ አሉ፣ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ጨለማ ውስጥ ሦስት ወንዶች ቆመው ሲያይ አንድ ሾፌር ልቡ ምን ይላል? ይህን ካሰብኩ ወዲህ ማታ ስጠራ መብራት ያለበት ቦታ ነው የምቆመው። ስሜን በትክክል እናገራለሁ። የምሄድበትን ከመጀመሪያው በግልጽ አስረዳለሁ። መኪናው ሲመጣ ታርጋውን አያለሁ፣ ለእህቴም እልክላታለሁ፤ ለሾፌሩም «ታርጋህን ለቤት ልኬያለሁ» እለዋለሁ። አንዳቸውም ተቀይመው አያውቁም። አንዱ እንዲያውም «እኔም ሚስቴ ከውጪ ስትመጣ እንደዚህ ነው የማስደርጋት» አለኝ።

እና እባካችሁ፣ ጠርታችሁ አታስጠብቁ። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ እናንተ ፀጉር ስትሠሩ ጊዜው የእሱ እንጀራ ነው። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ሳይደርስ ንገሩት። በጥሬ ብር የምትከፍሉ ከሆነ ዝርዝር ያዙ፣ ካልሆነ ቴሌብር አለ፣ የመልስ ጭቅጭቅ ይቀራል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኔ በየቀኑ ራይድ አልጠራም፣ አልችልም። ጠዋት ሥራ የምሄደው በሚኒባስ ነው፣ ሲገጥም በሸገር ባስ። ራይድ ለምሽቴና ለአስቸኳይ ነገር የማስቀምጠው ገንዘብ ነው፣ ከወር ደሞዜ ላይ ለይቼ። ይህን መለየት የማትችል ሴት ግን አለች። ምግብ ቤት አስተናግዳ ከምሽቱ አራት ሰዓት የምትወጣ ልጅ አለች። ሌሊት ሆስፒታል የምታጸዳ እናት አለች። እነሱ የሚያመሹት ለመዝናናት አይደለም፣ እንጀራ ሆኖባቸው ነው። የአንድ ቀን የራይድ ሒሳብ የቀን ደሞዛቸውን ሊበላ ይችላል። ለእነሱ መልሱ መተግበሪያ አይደለም። የሚያመሽ አውቶቡስ ነው፣ በታወቀ ሰዓት የሚመጣ፣ ፌርማታው መብራት ያለው። መንገዱ እንደተሠራ ሁሉ ይህም መሠራት አለበት እላለሁ። አንዳንድ ድርጅቶች ለሚያመሹ ሠራተኞቻቸው ሰርቪስ ይመድባሉ። የምግብ ቤትና የሆቴል ባለቤቶች ይህን የምትሰሙ ካላችሁ፣ ልጆቹን በጋራ የሚያደርስ አንድ መኪና መኮናተር ያን ያህል ከባድ አይደለም። አስቡበት።

በሚቀጥለው ክፍል ከሴት ሾፌሮች ጋር ማውራት እፈልጋለሁ። መሪ የጨበጠች ሴት ሳገኝ ጥያቄዬ አያልቅም፣ መንገዱ ነው የሚያልቅብኝ። በሌሊት የምትነዱ፣ ወይም እናቱ፣ እህቱ፣ ሚስቱ የምትነዳለት ሰው ካለ፣ በቴሌግራም ድምፃችሁን ላኩልኝ። ሥራ የምታቆሙት ስንት ሰዓት ነው? የትኛውን ሰፈር ትፈራላችሁ፣ የትኛውን ትወዳላችሁ? ተሳፋሪው ሴት ሾፌር መሆናችሁን ሲያይ መጀመሪያ ምን ይላል? ስማችሁን መናገር ካልፈለጋችሁ አልናገርም። እስከ ሳምንት ደህና ሁኑ።