ሽብልቋ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ድምፄ ከሻከረ ይቅርታ፣ ጋራዥ ውስጥ ኮምፖንሳቶ ስፈገፍግ ነው የዋልኩት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጀልባዬ ነው። አዎ፣ ጀልባ አለኝ! እንዳትስቁ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር አሮጌ ባለሸራ ጀልባ በብስክሌት ዋጋ ይገኛል።

ሚረር ትባላለች፣ 3.3 ሜትር ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቃት ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው፤ ቀይ ሸራዋም የጋዜጣው ቀለም ነው። ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል ሲነድፏት ማንም ሰው ቤቱ እንዲሠራት ብለው ነው። የተቆረጠ ኮምፖንሳቶ ትገዛለህ፣ በመዳብ ሽቦ እንደ ልብስ ትሰፋዋለህ፣ ስፌቱን በፋይበርግላስና በሙጫ ትለጥፋለህ። ከ70 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ብዙዎቹን የሠራቸው ታዲያ ከዚያ በፊት መደርደሪያ እንኳ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። የኔን የሠራት ሰውዬ ከነዚያ አንዱ ነው፣ እጁን ይባርከውና ጠማማ አድርጎ ነው የገጠማት።

መሪዋ፣ ማለትም ከኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ አቅጣጫዋን የሚያዞረው ሳንቃ፣ በሰበሰና አዲስ ገዛሁ። መሪ እንደ በር ነው የሚገጠመው፤ ሁለት ፒኖች አሉት፣ ከጀልባዋ ኋላ ያሉት ሁለት ቀለበቶች ውስጥ ይገባሉ። የኔ ገባ፣ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ሻጮቹን በሆዴ ስራገም አመሸሁ። በማግስቱ ክር ወጥሬ ስለካ መሪው ልክ ነው፤ ቀለበቶቹ ናቸው አንድ መስመር ላይ ያልሆኑት፣ ምክንያቱም የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ራሱ ትንሽ ተጣሟል። ለካ የተገዛው ዕቃ ለንድፉ ነው የተሠራው፣ የኔ ጀልባ ደግሞ ንድፉን አይታው አታውቅም።

አሁን ጉዴን ስሙ። አዲሱን መሪ ከመግጠሜ በፊት ቀለበቶቹን ለማጽዳት ስፈታ ከላይኛው ሥር አንዲት ስስ የእንጨት ሽብልቅ ነበረች። ቆሻሻ መስላኝ ጣልኳት። ሰውዬው ግን መጣመሙን ያኔውኑ አይቶ፣ እሷን ወትፎ አስተካክሎት ኖሯል! ማታ በባትሪ የቆሻሻ በርሜል ስበረብር ጎረቤቴ በመስኮት ያየኛል፣ ምን እንዳሰበ እንጃ።

አገኘኋት። ቀለሟን ስፍቀው በእርሳስ የተሣለች ቀስት አለች፣ ወደ ላይ የምታሳይ። እንደ ቀስቷ መለስኳት፣ አሮጌዎቹን የቡሎን ቀዳዳዎች ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ደፍኜ አዲስ በሳሁ። መሪው በአንድ ጣት ዞረ።

ነገ የመሃል ሰሌዳውን፣ ማለትም ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት በመሃሏ ወደ ውሃው የሚወርደውን ሳንቃ፣ ልገጥም ነው፤ እሱም አዲስ ነው፣ ማስገቢያው ውስጥ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆሟል። መላጊያዬን አላነሳሁም። መጀመሪያ ውስጡን በባትሪ ልይ፣ ሰውዬው የሆነ ነገር ወትፎ ይሆናል።