ናሙና የወሰደ ውጤት ይመልስ፦ የዓመታዊ ጉባዔ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሆለታ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋና ከአቃቂ የመጣችሁ ወተት አርቢዎች፣ ተመራማሪዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤ ወደ ሰበታ እንኳን ደህና መጣችሁ። በተለይ ማለዳ ላሞቻችሁን አልባችሁ፣ ወተቱን አስረክባችሁ በሰዓቱ የደረሳችሁ አርቢዎች ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያለው እዚሁ ሰበታ ነው። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። ቢሾፍቱ የእንስሳት ክትባት ይመረትባታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጉርድ ሾላ ሲደርሱ ደግሞ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ አለ። አዲስ አበባ በምርምር ቤቶች የተከበበች ናት ብል አላጋነንኩም። በዚሁ አካባቢ ወዳለ በረት ጎራ ስንል ግን አርቢው የሚጠይቀን አንድ ነው፤ «ደሟን ቀድታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ምን ተገኘባት?» የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚመረተው ወተት ላይ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ የሚመለከት ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የመርዙ መጠን በአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቀደው 0.05 ማይክሮግራም በሊትር ያላለፈው 9ኙ ላይ ብቻ ነበር። 29ኙ አሜሪካ ከምትፈቅደው 0.5 እንኳ አልፈው ተገኙ። ከመኖዎቹ መካከል በተለይ ከመርዙ ጋር የተያያዘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ወሬው ሲናፈስ ሸማቹ ደነገጠ፤ ገበያው የቀዘቀዘበት ደግሞ አርቢው ነው።

አርቢው ማወቅ የሚገባው ነገር ረጅም አልነበረም። መርዙን የሚያመነጨው መኖ ላይ የሚወጣ ሻጋታ ነው። ላሟ የሻገተውን ስትበላ ጉበቷ መርዙን ይለውጠውና በአንድ ቀን ውስጥ ከወተቷ ጋር ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። መኖው ከተቀየረ ግን ወተቱ በጥቂት ቀናት ይጠራል። ባለፈው ክረምት በረታቸውን ያሳዩኝ አንዲት እናት የፋጉሎ ጆንያቸውን ያስቀመጡት መሬት ላይ፣ እርጥብ የጭቃ ግድግዳ አስደግፈው ነበር። አፉን ፈተው እጃቸውን ወደ ሥር ሲሰዱ የወጣው ጓል አረንጓዴ ብናኝ ለብሷል። «ታዲያ እንዴት ልድፋው ልጄ? የገዛሁበትን የማውቀው እኔ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኚህ እናት የሚያስፈልጋቸው ጆንያውን ከመሬት የሚያነሳ፣ ከግድግዳው የሚያርቅ የእንጨት ርብራብ ነው፤ እሱን የሚነግራቸው ሰው ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ጥናቱ ግን ታትሟል፤ በውጭ ቋንቋ፣ እሳቸው በማይደርሱበት መጽሔት ላይ።

የከብት ነቀርሳ፣ ማለትም የከብት ቲቢ ነገር ከዚህ ይከብዳል። የውጭ ደም ያላቸው የወተት ላሞች ከሐበሻ ከብት ይልቅ ለዚህ በሽታ የተጋለጡ መሆናቸውን፣ በዙሪያችን ባሉ በረቶችም በስፋት እንደሚገኝ ተመራማሪዎቻችን ደጋግመው አሳይተዋል። በቆዳ ምርመራ ተገኘባት የተባለች ላም ታዲያ ምን ትደረግ? ባለቤቷ ቢያስወግዳት የሚካስበት ሥርዓት የለም። ስለዚህ ይሸጣታል፤ ገዢው ሌላ አርቢ ከሆነ በሽታው አብሯት አገር ያቋርጣል። ይህን ያዩ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ባይነገረው ይሻላል» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ልጆቹ ጥሬ ወተት የሚጠጡበትን ሰው ሳያውቅ እንዲኖር መፍረድ የማናችንም ሥልጣን አይደለም። ካወቀ ቢያንስ ወተቱን ያፈላል፣ የታመመችውን ከጤነኞቹ ይለያል። የካሳውን ጥያቄ ደግሞ ማኅበራችን ዘንድሮ በጽሑፍ ለሚመለከታቸው አካላት እንዲያቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

እውቀት ከብት ጠባቂው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን በአገራችን አይተናል። ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ገብቶ በሬውን ሲፈጅ አራሽ ጠፋ፤ ክፉ ቀን የምንለው ረሀብ መጣ። ከዚያ በኋላም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል አልለቀቀንም። በመጨረሻ የያዝነው በቆላው ሙቀት ቶሎ የማይበላሽ ክትባት ሲገኝና አፋር ውስጥ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ሲከትቡ ነው። መንገድ የሌለበት ቦታ መኪና ያልደረሰበትን እነሱ በእግራቸው ደረሱበት። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። አሁን በበግና በፍየል ላይ ያለውን ደስታ መሰል በሽታ በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም ቀጠሮ ይዟል። ያንኑ መንገድ ካልተከተልን ቀጠሮው የሚሞላ አይመስለኝም።

ስለ ውሃ ከሰዓት በኋላ ሰፊ ውይይት ስላለ ባጭሩ ልለፈው። አርቢ ሁሉ ላሟ የምትጠጣውን በባልዲ ይቆጥራል። መኖዋን ለማብቀል የሚሄደው ውሃ ግን ከምትጠጣው ከ50 እስከ 100 እጥፍ እንደሚደርስ የዘርፉ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ጭድ በአግባቡ መከመርና አለማባከን የውሃ ሥራ ነው። የአቃቂን ወንዝ ተከትላችሁ ሳር የምታጭዱ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ወንዙ የከተማውንና የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ በመስኖው በለማው አትክልትና አፈር ላይም ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ታውቃላችሁ። ሳራችሁም እንዲመረመር የመጠየቅ መብት አላችሁ። ጠይቁ።

ለጉባዔው የማቀርበው ውሳኔ ይህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም አባላችን ከአርቢ በረት ደም፣ ወተት፣ መኖ ወይም ውሃ ሲወስድ፣ ውጤቱን የሚመልስበትን ቀን ለባለቤቱ ተናግሮ ይውሰድ። ሲመልስም አርቢው በሚናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ያስረዳ፤ ምን ማድረግ እንደሚቻልም አብሮ ይንገር። የምርምር በጀት ስታዘጋጁ ለዚህ የሚሆን የመኪናና የነዳጅ ወጪ ከመጀመሪያው አስገቡ፤ በኋላ የሚገኝ ገንዘብ የለም። ረቂቁ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ ሰፍሯል፤ ከሻይ በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። አርቢዎች እናንተ ቀድማችሁ እንድትናገሩ መድረኩን ለአወያዩ እያስረከብኩ፣ የዘንድሮው ጉባዔያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።