ክፍል 61፦ አትቁም

እየቀዳ ነው? በርቷል። እሺ።

ሰላም ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ነኝ። ስለ ትንሿ መኪናዬ፣ ስለ ድንቢጥ ስትጠይቁኝ የከረማችሁ፣ አዎ፣ ተሸጠች። የገዛቻት ልጅ ይዛት ከግቢ ስትወጣ የግራ ፍሬቻዋ አሁንም አልበራም። ስድስት ዓመት ሙሉ «ነገ አሠራዋለሁ» ያልኩት ፍሬቻ። እና ይኸው አምስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ከአያት ሜክሲኮ በታክሲ ሰልፍ። ስለሱ አላወራም።

የማወራው ስለ መኪና ነው። የትኛውን ያገለገለ ፎር ዊል ልግዛ የሚለውን። ማስታወሻም ይዣለሁ፣ ሦስት ገጽ። ግን ትናንት ማታ እሱን ስጽፍ ሌላ ነገር መጣብኝና እንቅልፍ ነሳኝ። እንደርስበታለን። ወይ አንደርስበትም።

የምፈልገው ነገር ቀላል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ የሚያመላልሰኝ፣ ነዳጅ ጠጥቶ የማያሰክረኝ፣ ሜክሲኮ ላይ የሚቆምበት የማያጣ። ቅዳሜ ደግሞ ዘንጌን ጭኜ ዓሣ ላጠምድ የምሄድበት። አትሳቁ። እሺ፣ ዓሣ ፍለጋ የምሄድበት። ፍለጋ።

ገበያውን ታውቁታላችሁ። በ2012 የኤክሳይዙ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ጭራሽ አይገባም ተባለ፣ አገር ውስጥ የቀረው ሁሉ የቅርስ ዋጋ አወጣ። ሰውየው ሃያ ዓመት ነድቶት ከገዛበት በላይ ይሸጠዋል። የተባልኩትን ዋጋ አልናገርም፣ እናቴ ታዳምጣለች።

ደላሎቹስ! «የዶክተር መኪና ነው፣ ከቤት ሆስፒታል ብቻ ነው የተነዳ።» በአምስት ሳምንት ያየኋቸው መኪናዎች በሙሉ የዶክተር ናቸው። አገሩ ይሄን ያህል ሐኪም ካለው እኛ ምን ቤት ነን ካርድ ይዘን የምንሰለፈው?

አንዱን ልንገራችሁ። የድሮው ቪታራ ነው፣ አጭሩ፣ ባለ ሁለት በር። ፎር ዊሉን ሳስገባው ጠቅ ብሎ ገባ፣ ዳሽ ቦርዱ ላይ መብራቱም በራ። ልቤ ሄደ። መካኒኬ ጋሼ ካርቶን አነጠፉና ከሥር ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ዝም ብለው እጃቸውን ይጠርጋሉ። «ምነው ጋሼ?» ስላቸው «የፊት ካርዳኑ የለም» አሉ። የሞተሩን ጉልበት ለፊት ጎማዎቹ የሚያደርሰው ዘንግ ተፈቶ ተወስዷል! ባለቤቱን ብንጠይቀው ደግሞ ምንም አላፈረም። «ነዳጅ እንዳይበላ ብዬ ነው፣ ቤት አለ» አለን። ቤት አለ። መኪናው እዚህ፣ ፎር ዊሉ ቁም ሳጥን ውስጥ።

[ሳቅ]

ጋሼ የሚያደርጉት ነገር አለ፣ እናንተም ልትገዙ ከሆነ አድርጉት። የዲፈረንሻሉን ቡሎን ፈታ ያደርጉና ዘይቱን በጣታቸው ያዩታል። ጥቁር ከሆነ ችግር የለም፣ አርጅቷል፣ ይቀየራል። ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታል፣ የሆነ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ነበር ማለት ነው። «ማኪያቶ ከሆነ እዚያው ጠጥተኸው ውጣ» ይላሉ። በሩ ላይ ደግሞ ማግኔት። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ከዚያ ጠጠር መንገድ ፈልጋችሁ ፎር ዊሉን አስገብታችሁ ዞር ማለት። በአስፋልት እንዳትሞክሩት፣ ማለቴ የድሮዎቹን። የድሮው ቪታራ የፊቱና የኋላው እኩል ነው የሚዞረው፣ ኩርባ ላይ ግን እኩል መንገድ አይሄዱም። አፈር ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ያካክሰዋል። ደረቅ አስፋልት ግን ስለማይለቀው ማርሹ እርስ በርሱ ይጣመማል።

ለዚህ ነው ግራንድ ቪታራ ላይ የወደቅኩት። በ2005 የወጣው፣ በፈረንጅ። እሱ መሀል ላይም ዲፈረንሻል፣ የፊቱና የኋላው የየራሱን እንዲዞር የሚፈቅደው ነገር፣ ስላለው በአራቱም ጎማ አስፋልት ላይ ብትነዱት ምንም አይልም፤ ጭቃ ሲመጣ ትቆልፉታላችሁ፣ ሲብስ ሎው፣ ቀስ ብሎ በጉልበት የሚጎትተውን ማርሽ፣ ታስገባላችሁ። ራቭ ፎር ሎው የለውም። ፕራዶው ሁሉም አለው፣ ገንዘቡ ግን እኔ ጋ የለም። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አየሁ፣ ባዶውን ስትነዱት የኋላ ባሌስትራው እንደ በቅሎ ይራገጣል፣ ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ለሁለት ሰው ቦታ ትከፍላላችሁ። ወዳጄ ኢንጂነሩ «ኤሌክትሪክ ግዛ፣ ነዳጅ ሰልፍ ቀረልህ» ይለኛል። ዓሣ ፍለጋ ስሄድ ቆቃ ሐይቅ ዳር ከጉማሬው ላይ ነው ቻርጅ የማደርገው?

እና ኒቫ አለች። ላዳ ኒቫ። አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 1977 ወጥታ እስካሁን መልኳን ያልቀየረች። ሎው አላት፣ መሀል ዲፈረንሻሉ ይቆለፋል፣ ሁሌም በአራት ነው የምትሄደው፣ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። በልቤ እሷ ናት። ለእናቴ ነገርኳት። «ላዳ? ታክሲ ልትሠራ ነው?» አለች። በቃ፣ ሞተች ኒቫ።

እ... ጋሼ ግን አንድ ቀን ጠየቁኝ። ከሥር እያሉ ነው፣ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየኝ። «ለመሆኑ ፎር ዊል ምን ያደርግልሃል?» ቆቃ ጭቃ ይዞኝ እንደዚህ ሆኜ ብዬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ጎማው ምን ነበር?» አሉ።

የአስፋልት ጎማ ነበር።

«እንግዲያው የያዘህ ጎማው ነው። መረሬ ጭቃ የጎማውን ጥርስ ከሞላው በኋላ አራቱም ቢዞሩ አራቱም ይንሸራተታሉ። ሎው ቢኖርህም ቀስ ብለህ ነበር የምትንሸራተተው።»

እና... ማለቴ፣ ያኔ ነው የሆነ ነገር የተሰማኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሎው ያለው መኪና ቢኖረኝ ኖሮ» ስል ነው የኖርኩት። ለእናንተም እዚሁ ሦስት አራት ጊዜ ብያለሁ። ታሪኩን ግን እንዳለ ነግሬአችሁ አላውቅም። የነገርኳችሁ ባጃጁ ጥሎኝ ያለፈበትን ነው፣ አስቂኙን።

እሺ። ነሐሴ ነው። የኢንጂነሩን ራቭ ፎር ተውሼ ከሞጆ ወደ ቆቃ። ፍልሰታ ነበር ለነገሩ። እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ያለንን ክርክር ታውቃላችሁ። እኔ ዓሣ በጾም ይበላል ባይ ነኝ፣ አያቴ ትበላ ነበር እላለሁ። እሷ አይበላም ነው የምትለው፣ «አያትህ የበላችው አሟት ነው።» ያን ቀን ጠዋት ግን ዘንጉን ሳወጣ አየችኝና «ሂድ ልጄ፣ አንተ እንደሆንክ አትይዝም፣ ኃጢአት የለውም» አለች። በነገራችን ላይ አልያዝኩም። አንድ አምባዛ መንጠቆዬን በልቶ ሄደ። እንደዚያ ጢሙን እያሳየኝ...

ቆይ፣ ሸሸሁ። አያችሁ? ሸሸሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ሲከብድ ልውጣ አልኩ። ከሐይቁ እስከ አስፋልቱ የእርሻ መንገድ ነው፣ ግራ ቀኙ ጤፍ። ጠዋት ደረቅ ነበር። ጥቁር አፈር ታውቃላችሁ አይደል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፣ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ግማሽ ሰዓት ነው የዘነበው። መኪናው መጀመሪያ ቂጡን ወደ ጎን ሰጠ፣ ከዚያ ቆመ፣ ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ ጠለቀ። ወርጄ ሳየው ጎማው ጎማ አይመስልም፣ ጥርስ የለው፣ ጥቁር ድፎ ዳቦ ነው።

ሰው አልነበረም፤ ወዲያው ደግሞ ሰው ነበር። ከየት እንደሚመጡ አላውቅም። አራት ልጆች፣ አንድ አባት ጃንጥላና ዱላ ይዘው፣ ሁለት ጎረምሶች፣ እና አንዲት እናት፣ ጭራሮ ተሸክመው። ማንንም አልጠራሁም። አባባ ለልጆቹ «ዱባቲ! ዱባቲ!» ወደ ኋላ ማለታቸው ነው፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ «መሪህን ቀጥ አድርግ፣ ነዳጅ አትስጥ!» እኔ እሰጣለሁ። አንዱ ልጅ ከኋላ ጎማው አጠገብ ነበር፣ ጭቃው ፊቱን ሙሉ ሸፈነው። ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው የቀረው። ይስቃል።

አልወጣ አለ።

ከዚያ እናትየው... ይሄን ነው ማታ ያየሁት፣ ህልም አይደለም፣ ነቅቼ ነው። ሸክማቸውን አወረዱ። ገመዱን ፈቱት። ማንም አላላቸውም። ከጭራሮው ታቀፉና መጥተው ከፊት ጎማው ሥር ጎዘጎዙት። ሄዱ፣ ደግሞ ታቅፈው መጡ። ሌላኛው ጎማ ሥር። ለቤታቸው ይሁን ለገበያ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ነሐሴ ላይ ደረቅ እንጨት ማለት... እኔ በመስኮት «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ የሰሙኝም አይመስለኝም።

ሁሉም ገፉ። ጭራሮው ሥሬ ሲሰባበር ይሰማኛል። መኪናው ነጠቅ ብሎ ያዘ። ሄድኩ! አባባ በዱላቸው ኮፈኑን መታ አድርገው «አትቁም! አስፋልት እስክትደርስ አትቁም!»

ልክ ናቸው። መሀል ላይ ብቆም እንደገና እያዛለሁ። ስለዚህ አልቆምኩም። አስፋልቱ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ ነው ያልኩት፣ በልቤ፣ ምናልባትም በአፌ። አራት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። በመስታወቱ ልጆቹ እየሮጡ ሲከተሉኝ አያለሁ። ከነሱ ኋላ ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ያልተሰበረውን ከጭቃው ይለቅማሉ።

አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ፍሬን ያዝኩ። ማርሹንም ዜሮ ያደረግኩት ይመስለኛል። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ኪሴ ውስጥ ብር የለም፣ ሁሉም ስልኬ ውስጥ ነው፣ ባዶ እጄን ወርጄ ምን እላለሁ አልኩ።

እና ሄድኩ።

ይኸው ነው። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ላይ ስደርስ የምትቀበለው ልጅ መኪናውን አይታ «ውይ፣ የት ነው ያረስከው?» አለችኝ። ሳቅን። ከሸሚዜ ኪስ ሁለት መቶ ብር አውጥቼ ከፈልኩ። ለመመለሻ ብዬ ጠዋት እኔው ያስቀመጥኩትን።

እና አስፋልቱ ላይ ረስቼው ነበር? ረስቼው ነበር ብል ደስ ይለኛል። ሊሆንም ይችላል፣ ሰው ደንግጦ ይረሳል። ደግሞ ለስምንት ሰው ሁለት መቶ ብር ምን ያደርጋል፣ ይጣሉበታል... አይ፣ ይሄንን አሁን ነው የፈጠርኩት፣ ያኔ አላሰብኩትም። ያኔ ያሰብኩት ወንበሩን ጭቃ እንዳላደርግበት ነው። የኢንጂነሩን ወንበር።

ለኢንጂነሩ ስነግረው «ሰዎቹ እኮ ረስተውሃል፣ በሳምንት ሦስት መኪና ነው የሚገፉት» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እሱ እንዲያውም ባሰብኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እና ሎው ያለው መኪና የምፈልገው... አይ፣ መኪና መኪና ነው። ሰው እንዲገፋኝ ስለማልፈልግ ይሁን፣ ገፍተውኝ ሳልቆም እንዳልሄድ ይሁን፣ ወይስ ዝም ብሎ መኪና ስለምወድ። የመጨረሻው ይመስለኛል። ግማሽ ግማሽ። ያ መንገድ አሁን ጠጠር ፈሶበት ይሆናል እኮ። ሄጄ አላየሁትም። ቆቃ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፣ ዝዋይ ነው የምሄደው። እናንተም ለምን ቆቃ ተውክ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ጉማሬ በዛ ብያለሁ።

የግራንድ ቪታራው ሰውዬ ነገ ጠዋት መልስ ይፈልጋል፣ ቀብድ ካልሰጠሁ ለሌላ ነው። ጋሼ አይተውታል። ዘይቱ ደህና ነው፣ ካርዳኑ በቦታው ነው፣ አንድ በር ላይ ትንሽ ስቱኮ። አዲስ አበባ ከፍታው ላይ ሞተሩ ሩብ ጉልበቱን ስለሚያጣ ለእንጦጦ ዳገት ትንሽ ይለግማል፣ እሱን ለምጃለሁ፣ ድንቢጥ ጭራሽ ትጸልይ ነበር። ጎማው ግን የአስፋልት ነው። አራቱም። የጭቃ ጎማ ላድርግበት ካልኩ ደግሞ ሥራ ቀን አስፋልቱ ላይ ሲያጉረመርም ነው የሚውለው፣ ነዳጁም ይጨምራል፣ እና ቅዳሜ አንድ ቀን ናት...

ጋሼ «ጭራሮ ይዘህ ሂድ» አሉኝ። እየቀለዱ ነው። ታሪኩን ሲሰሙ ስለ ጭራሮው ነግሬያቸው ነበር፣ ስለ ሌላው አልነገርኳቸውም።

አንዳንዴ አንድ እስር እንጨት ገዝቼ... አይ፣ ያስቃል። አንድ እስር እንጨት ይዤ ሄጄ ማንን ነው የምጠይቀው? «ከሁለት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ...»

ቆይ። ዝናብ ነው እንዴ? ቆርቆሮው ላይ... ዝናብ ነው። ልብስ አስጥቼ ነበር፣ ቆዩኝ፣ አንድ ጊዜ...